ሲጠመጠም ያው ነው?

ጥያቄው የመጣው ከመጨረሻው ረድፍ ነው። ሰሌዳው ላይ ስምንት ክቦች ስዬ፣ ክቦቹን አቅፎ የሚዞር መስመር ጨምሬ፣ "ዲኤንኤ ሂስቶን በሚባሉት ፕሮቲኖች ላይ እንዲህ ይጠመጠማል፤ ጥቅሉ ኑክሊዮሶም ይባላል" ብዬ ወደሚቀጥለው ርዕስ ላልፍ ስል አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች።

"መምህር፣ ሲጠመጠም ዲኤንኤው ራሱ ይቀየራል ወይስ ያው ነው?"

"ያው ነው" አልኳት። "የፊደሎቹ ቅደም ተከተል አይነካም፤ መጠቅለል ብቻ ነው።" ደብተሯ ላይ ጻፈችው። እሷ የጠየቀችው ስለ ቅርፁ ነበር፤ እኔ የመለስኩት ስለ ፊደሉ። ከዚያ በኋላ የጎንደርን ዳገት በወጣሁ በወረድኩ ቁጥር ያ "ያው ነው" አብሮኝ ይወጣ ይወርድ ጀመር። ምክንያቱም ስለ ቅርፁ ከተጠየቀ ትክክለኛው መልስ "ያው አይደለም" ነው። ይጎብጣል፣ ይከራል፣ ቦዮቹ ይጠባሉ ይሰፋሉ። ህዋሱ የትኛውን ዘረመል እንደሚያነብና የትኛውን እንደሚተው የሚወስነው በከፊል በእነዚህ ለውጦች ነው።

ክር አይደለም፣ ገመድ ነው

ሁለት ሜትር ዲኤንኤ በአንዲት ኒውክለስ ውስጥ እንዴት ይገባል የሚለውን ሁላችንም ስንማር የሰማነው ነው፤ እሱን ልለፈው። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ነውና "በጥንጥን ላይ የተጠቀለለ ክር" የሚለውን ምሳሌም አልጠላውም። ግን ይህ ምሳሌ ዋናውን ነገር ይሸሽገዋል፤ ውፍረቱን።

ዲኤንኤ 2 ናኖሜትር ይወፍራል። የሚጠመጠምበት እምብርት ደግሞ ኤች2ኤ፣ ኤች2ቢ፣ ኤች3 እና ኤች4 የሚባሉት ሂስቶኖች ሁለት ሁለት ሆነው የሚሠሩት የስምንት ፕሮቲኖች ስብስብ ሲሆን፣ ወርዱ 6.5 ናኖሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሁለቱን ወደምናውቀው መጠን ስናመጣቸው 2 ሳንቲሜትር የሚወፍር ገመድ 6.5 ሳንቲሜትር በሚወፍር ዘነዘና ላይ እንደ መጠምጠም ነው። ቤት ውስጥ ሞክሩት። ገመዱ ይታገላል፤ በውስጥ በኩል ይሸበሸባል፣ በውጭ በኩል ይወጠራል፤ እጃችሁን ስታነሱ ተመልሶ ይፈታል።

ዲኤንኤም ለመጉበጥ በቀላሉ እሺ የሚል ነገር አይደለም። ውሃ ውስጥ ነፃ ሆኖ ሲንሳፈፍ 50 ናኖሜትር በሚያህል ርዝመት ላይ ቀጥ ብሎ የመቆየት ጠባይ አለው፤ ያ ርዝመት 150 የቤዝ ጥንድ (ኤ፣ ቲ፣ ጂ፣ ሲ የሚባሉት ፊደሎች ሁለት ሁለት ሆነው የሚገጥሙበት) ያህል ነው። ኑክሊዮሶም ላይ የሚጠመጠመው ቁራጭ ደግሞ 147 ጥንድ ነው። ብቻውን ቢሆን እንደ አርጩሜ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ቁራጭ ነው እንግዲህ ሂስቶኖቹ ላይ 1.65 ጊዜ ዙሮ የሚያርፈው።

የቅስቱን ዋጋ በቁጥር ማየት ይቻላል። ከጥቅሉ መሐል እስከ ዲኤንኤው ወገብ ያለው ርቀት ወደ 4.2 ናኖሜትር ነው። የዲኤንኤው የውስጥ ጠርዝ 3.2 ላይ፣ የውጭው ጠርዝ 5.2 ላይ ይውላል ማለት ነው። በአንድ ሙሉ ዙር የውስጡ ጠርዝ 20 ናኖሜትር ሲሄድ የውጭው 33 ገደማ ይሄዳል። የአንዱ ዲኤንኤ ሁለት ጎኖች በአንድ ዙር ብቻ በ13 ናኖሜትር ተለያዩ። ይህ ልዩነት የሆነ ቦታ መዋጥ አለበት።

የሚውጡት ቦዮቹ ናቸው። ሁለቱ የዲኤንኤ ዘንጎች እየተጠማዘዙ ሲሄዱ በመካከላቸው አንድ ሰፊና አንድ ጠባብ ቦይ ይተዋሉ። ዲኤንኤው ሲጎብጥ ወደ ሂስቶኑ ፊቱን ያዞረው ቦይ ይጠባል፤ ወደ ውጭ ያየው ይከፈታል። ዲኤንኤው ራሱ እየዞረ ስለሚሄድ በየ5 ጥንዱ ተራው ይቀየራል፤ አንዴ ጠባቡ ቦይ ወደ ውስጥ ያያል፣ ቀጥሎ ሰፊው። በመሶብ የተነባበረ እንጀራ በአንድ ጎኑ ቢጫኑት እንዴት እንደሚያዘም አስቡ። ቤዞቹም እንደዚያ ናቸው፤ አንዱ ጥንድ በሌላው ላይ ጋደል ይላል፣ አንዳንዱ ከቦታው ሸርተት ይላል፣ አንዳንድ ቦታ ላይ ደግሞ ቅስቱ ቀርቶ ስብራት የሚመስል መታጠፍ ይፈጠራል።

ይህን በዓይን ያሳየን እ.ኤ.አ. በ1997 ዙሪክ ውስጥ ካሮሊን ሉገር፣ ቲሞቲ ሪችመንድና ባልደረቦቻቸው በኤክስሬይ በ2.8 አንግስትሮም ጥራት ያወጡት ምስል ነው። ከዚያ በፊት "ይጠመጠማል" እንል ነበር፤ ከዚያ በኋላ የት ላይ እንደሚያዝ ታወቀ። ጠባቡ ቦይ ወደ ሂስቶኑ በሚዞርባቸው 14 ቦታዎች ሁሉ አርጂኒን የተባለው አሚኖ አሲድ ጣቱን ወደ ቦዩ ያስገባል። የዲኤንኤ ጀርባ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል የተሸከመ ፎስፌት ነው፤ አርጂኒን አዎንታዊ ሙል አለው። ቦዩ በጠበበ መጠን አሉታዊነቱ እዚያው ይጠራቀማል፣ አርጂኒኑንም አብዝቶ ይስበዋል። ጥብቀቱ እጁን ይጠራል፣ እጁም ጥብቀቱን ያጸናል። ነገሩ የማጣበቂያ ሥራ አይደለም። በ14 ቦታ ቆንጠጥ ቆንጠጥ አድርጎ መያዝ ነው፤ እያንዳንዱ ቁንጥጫ ለብቻው ደካማ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው እዚህም ይሠራል።

ከቀሰም ጫፍ የሚሳብ ክር

ስለ ቅስቱ ይህን ሁሉ አውቄም "ያው ነው" ያልኩበት ምክንያት ሌላኛውን ለውጥ፣ ክረቱን፣ ከልቤ ስላልቆጠርኩት ነው። ያስቆጠሩኝ ቅዳሜ ገበያ ፈትል የሚሸጡ አንዲት እናት ናቸው።

በቀሰም የተጠቀለለ ድርብ ፈትል ነበር የያዙት፤ ሁለት ቀጭን ክር አንድ ላይ የከረረ። ጥንካሬውን ልይ ብዬ ቀሰሙን በግራ እጄ ጨብጬ ክሩን በቀሰሙ ጫፍ በኩል ሳብ ሳብ አደረግኩት። ዙሮቹ ከቀሰሙ እየሾለኩ ወጡ። የወጣው ክር ግን እጄ ላይ መጠቅለል ጀመረ፤ በራሱ ላይ እየተጠማዘዘ ትንንሽ ቀለበት ሠራ።

"እንደሱ አትሳበው ልጄ፣ ይከርብሃል" አሉኝ። "ቀሰሙ ይዙርልህ እንጂ።"

"በወዲያኛው ጫፍ ብስበውስ፣ እማማ?"

"ያን ጊዜ ይላላል። እሱም አያምርም።" ቀሰሙን ከእጄ ወስደው በሁለት ጣታቸው መሐል አሽከረከሩት፤ ክሩ ከጎኑ ቀጥ ብሎ፣ ሳይከር ሳይላላ ወረደ።

ካያያዝ ይቀደዳል ይባላል። በእኔ አያያዝ ጥምጥሙ አልጠፋም ነበር፤ ወደ ክረት ተቀየረ እንጂ። በቀሰሙ ላይ የነበረ እያንዳንዱ ዙር ቀሰሙ ሳይዞር ከጫፍ ሲወጣ በክሩ ውስጥ አንድ ክረት ሆኖ ይቀራል፤ እንደ ጫፉ አንዱን ያከረዋል፣ ሌላውን ያላላዋል። ዙርና ክረት አንዱ ወደ ሌላው የሚመነዘሩ ሁለት ብሮች ናቸው። ሽመና የሚያውቅ ሰው ይህን በእጁ ያውቀዋል። እኔ ለዓመታት በቀመር አስተምሬዋለሁ፤ በእጄ የነካሁት ግን ያን ቀን ነው።

አሁን ወደ ዲኤንኤ እንመለስ። ዲኤንኤ በራሱ ቀኝ ዞር ነው፤ ሂስቶኑ ላይ የሚጠመጠመው ግን ግራ ዞር ሆኖ ነው። ጫፎቹ የተያዙ ከሆነ፣ ለምሳሌ ክብ ሆኖ የተዘጋ ከሆነ፣ 1.65 የግራ ዙር ከሁለቱ ዘንጎች የመተሳሰሪያ ቁጥር ላይ፣ ማለትም አንዱ ዘንግ በሌላው ላይ ከሚዞርበት ብዛት ላይ፣ 1.65 ያህል መቀነስ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1975 በኤስቪ40 ቫይረስ ክብ ዲኤንኤ ላይ ሲለካ ግን በአንድ ኑክሊዮሶም የተገኘው ቅናሽ ወደ 1 የሚጠጋ ነበር። ዙሩ አንድ ተኩል ያልፋል፣ ሂሳቡ አንድ ይላል። ተመራማሪዎቹን ለዓመታት ያከራከረ ልዩነት ነው።

የጎደለው ክረቱ ውስጥ ነበር። ነፃ ዲኤንኤ በየ10.5 ጥንዱ አንድ ዙር ይጨርሳል፤ በ147 ጥንድ 14 ዙር። ኑክሊዮሶም ላይ ግን በአማካይ በየ10.2 ጥንዱ ይዞራል፤ በዚያው 147 ጥንድ 14.4 ዙር። 0.4 ዙር ተጨማሪ ክረት ገባበት። 1.65 ሲቀነስ፣ 0.4 ሲደመር፣ 1.25 ቅናሽ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2018 በእርሾ ህዋስ ውስጥ በጥንቃቄ ሲለካ የተገኘው 1.26 ነው።

ለዚህ ነው "ያው ነው" የማይባለው። የተጠመጠመው ዲኤንኤ ከነፃው ይበልጥ የከረረ ነው። ክረቱም እኩል አልተከፋፈለም፤ በጥቅሉ መሐል አካባቢ ላላ ብሎ በአንድ ዙር ወደ 10.7 ጥንድ፣ ግራና ቀኝ ሲሄድ ጠበቅ ብሎ ወደ 10.0 ይጠጋል። የገበያዋ እናት ክር ላይ ይህን ብናገኘው "ይህ ፈትል ወጥ አይደለም" ይሉን ነበር።

ውጤቱ ወረቀት ላይ የሚቀር አይደለም። ዘረመል የሚገለብጠው ኤንዛይም ዲኤንኤውን እየከፈተ ሲሄድ ከፊቱ ያለውን ያከረዋል፣ ከኋላው ያለውን ያላላዋል። ከፊቱ የሚጠራቀመው ክረት የግራ ዞሩን ጥምጥም ስለሚቃወመው ኑክሊዮሶሙን ከመንገዱ ለማላቀቅ ይረዳዋል። ከኋላው የላላው ደግሞ አዲስ ኑክሊዮሶም ለመጠምጠም የተመቸ ነው።

የሚጎብጥና እምቢ የሚል

ሁሉም ዲኤንኤ እኩል አይጎብጥም። ይህን ስናነሳ ደግሞ ጎንደር ላይ ከምናውቀው በሽታ ጋር የሚገናኝ ታሪክ አለ።

ከመተማና ከሁመራ እርሻዎች ታመው የሚመጡ የካላዛር ሕሙማንን ጎንደር ውስጥ ሕክምና አካባቢ የሠራ ሁሉ ያውቃቸዋል። የበሽታው ጥገኛ ተህዋስ ሌይሽማኒያ ከኒውክለሱ ውጭ ሌላ የዲኤንኤ ክምችት አለው፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ክብ ዲኤንኤዎች እንደ ሰንሰለት ቀለበት እርስ በርስ ተያይዘው። እ.ኤ.አ. በ1982 ተመራማሪዎች ከእንሽላሊት ሌይሽማኒያ የተወሰደ የዚህን ክብ ዲኤንኤ ቁራጭ ፖሊአክሪላማይድ ጄል ላይ (ዲኤንኤ በኤሌክትሪክ እየተሳበ በመጠኑ የሚለይበት ጥልፍልፍ) ሲያስኬዱት ከርዝመቱ ጋር በማይሄድ መጠን ዘገየ። ምክንያቱ ያለ ምንም ፕሮቲን በራሱ የጎበጠ መሆኑ ነበር። ቀጥ ያለ ዱላ በጥልፍልፉ መሐል ይሾልካል፤ የጎበጠ ማጭድ ይያዛል።

የመጉበጡ ምስጢር ከአምስት ስድስት የማይበልጡ ኤዎች ተከታትለው ሲመጡ፣ ያም ድርድር በየ10 ጥንዱ ገደማ ሲደጋገም ነው። አንዱ ድርድር ዲኤንኤውን ወደ ጠባቡ ቦይ በኩል ጥቂት ያጎብጠዋል። ቀጣዩ ድርድር ሙሉ ዙር ተጠናቆ ሲመጣ በዚያው ጎን ስለሚውል ቅስቱ ይደመራል። ድግግሞሹ በየ15 ጥንዱ ቢሆን አንዱ ወደ ቀኝ ሌላው ወደ ግራ ይጎትትና ቅስቱ ይጣፋል። ርቀቱ ነው ሁሉንም ነገር የሚወስነው።

ኑክሊዮሶምም ይህንኑ ይፈልጋል። የሚወዳቸው ዲኤንኤዎች ጠባቡ ቦይ ወደ ሂስቶኑ በሚዞርበት ቦታ ኤኤ፣ ቲቲ ወይም ቲኤ፣ ከ5 ጥንድ በኋላ ደግሞ ጂሲ ያላቸው ናቸው፤ በየ10 ጥንዱ እየተደጋገመ። ተመራማሪው ጆናታን ዊዶም ይህን ተከትሎ እጅግ ብዙ ከሆነ የዘፈቀደ ድርድር ክምችት ውስጥ ሂስቶንን አጥብቆ የሚይዘውን መርጦ አወጣ፤ 601 ይባላል፤ ዛሬ በመላው ዓለም ኑክሊዮሶም የሚሠራ ላብራቶሪ ሁሉ የሚያውቀው ቁጥር ነው። በተቃራኒው ሳይቋረጥ የሚሄድ ረጅም የኤ ድርድር፣ አሥርና ሃያ ኤ በተከታታይ፣ ደረቅ ነው፤ አልጎብጥም ይላል። እርሾ ብዙ ዘረመሎቿ በሚጀምሩበት ቦታ ላይ ይህን ድርድር አስቀምጣለች። ቦታው ከኑክሊዮሶም ነፃ ሆኖ እንዲቆይና አንባቢው ኤንዛይም እንዲገባ።

እንግዲህ ፊደሉ ሁለት ነገር ይናገራል። አንዱ ፕሮቲን እንዴት እንደሚሠራ፣ ሌላው እዚህ ቦታ ላይ መጉበጥ ይቻል እንደሆነ። እኔ ለልጅቱ "ፊደሉ አይነካም" ስላት ፊደሉ ራሱ ቅርፁን እንደሚወስን ረስቼ ነበር።

ሲከፈት

ኑክሊዮሶም እንደ ታሰረ ጥቅል ዝም ብሎ አይቀመጥም። ጫፎቹ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 የተለካው እንደሚያሳየው ሙሉ በሙሉ ተጠምጥሞ የሚቆየው ለ250 ሚሊሰከንድ ያህል ነው፤ ከዚያ ከጫፉ ይላቀቅና ከ10 እስከ 50 ሚሊሰከንድ ክፍት ሆኖ ተመልሶ ይጠመጠማል። ይህም በሰከንድ ሦስት አራት ጊዜ መሆኑ ነው። ከጫፍ አካባቢ ያለ ፊደል የሚፈልግ ፕሮቲን ጥቂት ቢጠብቅ ይደርሰዋል፤ መሐል ላይ ያለውን የሚፈልግ ግን ያንን ያህል ዕድል የለውም። የአንድ ድርድር ቦታ በ40 ጥንድ መንሸራተቱ ብቻ ዘረመሉን ከሚነበብ ወደማይነበብ ሊያዞረው ይችላል።

ጥብቀቱን ህዋሱ ራሱም ያስተካክላል። ከሂስቶኖቹ እንደ ነጠላ ጥለት ወደ ውጭ የተንጠለጠሉ ጅራቶች አሉ፤ ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ የበዛባቸው፣ አዎንታዊ ሙል ያላቸው። አሴቲል የተባለ ትንሽ ቡድን ላይሲኑ ላይ ሲለጠፍ ያ ሙል ይጠፋል፤ መያዣው ይላላል። በኤች4 ጅራት ላይ 16ኛው ቦታ ላይ ያለው ላይሲን ብቻ እንኳ ሲለጠፍበት ጎረቤት ኑክሊዮሶሞች ተጠጋግተው መተኛት ይሳናቸዋል።

በእጅ መሥራት

ኑክሊዮሶምን በቱቦ ውስጥ መሥራት ይቻላል፤ ሥራው ትዕግሥት ነው። ዲኤንኤውና የስምንቱ ሂስቶኖች ስብስብ በአንድ ለአንድ ምጣኔ 2 ሞላር ጨው ውስጥ ይቀላቀላሉ። በዚያ ጨው ውስጥ አይያያዙም፤ የጨው ብዛት የሁለቱን ሙል መሳሳብ ይሸፍነዋል። ከዚያ በዲያሊሲስ፣ ማለትም ጨውን በሚያሳልፍ ስስ ሽፋን በኩል፣ ጨው ቀስ እያለ ይቀንሳል፣ በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ። መጀመሪያ ኤች3 እና ኤች4 ዲኤንኤው ላይ ያርፋሉ፤ ጨው ከ1 ሞላር በታች ሲወርድ ኤች2ኤ እና ኤች2ቢ ተከትለው ገብተው ጥቅሉን ይዘጋሉ።

ብዙውን ጊዜ ጨው የሚቀነሰው በፓምፕ ነው፤ 18 ሰዓት አካባቢ ያለማቋረጥ። መብራት በሚጠፋበት ቦታ ፓምፕ ማመን ከባድ ስለሆነ ደረጃ በደረጃ መሄድ ይሻላል። 2፣ 1.5፣ 1፣ 0.75 ሞላር፣ በመጨረሻም 10 ሚሊሞላር፤ በእያንዳንዱ ጥቂት ሰዓት፣ በበረዶ ሳጥን ውስጥም ይሆናል። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል፤ ከ2 ሞላር በቀጥታ ወደ ዝቅተኛው ጨው የጣለ ሰው የሚያገኘው ነጭ ዝቃጭ ነው። ሂስቶኖቹ ቦታቸውን ሳይመርጡ በአንዴ ይጣበቃሉና። ሂስቶን ከበዛም ያው ዝቃጭ ይመጣል፤ ሂስቶን ካነሰ ባዶ ዲኤንኤ ይተርፋል። ስለዚህ ምጣኔውን በ0.8፣ 0.9፣ 1.0፣ 1.1 በትንንሽ ቱቦ አስቀድሞ መሞከር ነው። ከዚያ 5 በመቶ ፖሊአክሪላማይድ ጄል ላይ ሲታይ ባዶው ዲኤንኤ ቀድሞ ይሮጣል፣ ኑክሊዮሶሙ ወደ ኋላ ይቀራል። ሁለት ሦስት የኑክሊዮሶም መስመር ከታየ በአንዱ ዲኤንኤ ላይ የተለያየ ቦታ ይዘዋል ማለት ነው፤ ለአንድ ሰዓት 37 ዲግሪ ላይ ቢቀመጥ አብዛኛውን ጊዜ ወደሚመቻቸው ቦታ ይንሸራተታሉ።

በዶሮ ደም ማየት

ለተማሪዎች ግን ከዚህ የሚቀል መንገድ አለ። የእኛ ቀይ የደም ህዋስ ኒውክለስ የለውም፤ የዶሮ አለው። አልብሬኽት ኮሰል እ.ኤ.አ. በ1884 ሂስቶንን መጀመሪያ ያገኘውም ከዝይ ደም ነው። ለበዓል ዶሮ ሲታረድ አንድ ሚሊሊትር ደም ቢያዝ ከ5 ሚሊግራም በላይ ዲኤንኤ አለው፤ ለሙከራው ከበቂ በላይ ነው።

ደሙ እንዳይረጋ ሲትሬት ባለበት ቱቦ ይያዝ። ሄፓሪን ያለበት ቱቦ ግን አይሁን። ሄፓሪን ራሱ አሉታዊ ሙል የበዛበት ነገር ስለሆነ ከዲኤንኤው ጋር ተሻምቶ ሂስቶኖቹን ይገፍፋቸዋል፤ ሊያዩት የፈለጉትን ነገር ገና ከመጀመሪያው ያበላሸዋል። ሲትሬትም ካልሲየም ያስራል፤ የምንጠቀምበት ኤንዛይም ደግሞ ያለ ካልሲየም አይሠራም። ስለዚህ በቀዝቃዛ 0.15 ሞላር ጨው ሦስት ጊዜ መታጠብ አለበት። "ኤንዛይሙ ሞቷል" ብለው የሚያማርሩ ብዙዎች ኤንዛይማቸው ደህና ነው፤ አጠባው ነው የጎደለው።

ቀጥሎ 10 ሚሊሞላር ትሪስ፣ 10 ሚሊሞላር ሶዲየም ክሎራይድ፣ 3 ሚሊሞላር ማግኒዥየም ክሎራይድና ግማሽ በመቶ ትራይተን ኤክስ-100 ባለው በፈር በረዶ ላይ 10 ደቂቃ ሲቀመጥ የህዋሱ ሽፋን ይሟሟል። ሄሞግሎቢኑ ከላይ ቀይ ሆኖ ይቀራል፤ ኒውክለሶቹ ከታች ይዘቅጣሉ። ዝቃጩ ነጭ እስኪሆን ሁለት ሦስት ጊዜ ይደገም። ማግኒዥየሙ ከተረሳ ኒውክለሶቹ ይፈነዱና ቱቦው ውስጥ እንደ ተልባ የሚዝለገለግ ነገር ይሆናል፤ ያ የተፈታ ክሮማቲን (ዲኤንኤው ከነፕሮቲኖቹ) ነው፤ ከዚያ ወዲያ በፒፔት መቅዳት አይቻልም፣ እንደገና መጀመር ብቻ ነው።

ንጹሕ ኒውክለሶቹ ላይ 1 ሚሊሞላር ካልሲየም ክሎራይድ ተጨምሮ፣ ማይክሮኮካል ኑክሊየስ የተባለው ኤንዛይም ገብቶ፣ 37 ዲግሪ ላይ ይቀመጣል። ኤንዛይሙ የሚቆርጠው በጥምጥሞቹ መካከል ያለውን ገላጣ ዲኤንኤ ነው፤ የተጠመጠመውን ሂስቶኑ ይከልለዋል። በ1፣ በ3፣ በ10 እና በ30 ደቂቃ ናሙና ይወሰድና ካልሲየም የሚያስር 10 ሚሊሞላር ኢዲቲኤ ይጨመርበታል፤ ሥራው እዚያው ይቆማል። ፕሮቲኑ በኤስዲኤስና በፕሮቲኔስ ኬ ይፈጫል፣ ዲኤንኤው ይጸዳል፣ በ1.5 በመቶ አጋሮዝ ላይ ይሮጣል።

በዚህ ሙከራ ጊዜ ነው ያችን ተማሪ መልሼ ያገኘኋት። "ያው ነው ያልኩሽን ሰርዢው" ብዬ የ10.5ን እና የ10.2ን ሂሳብ ደብተሯ ላይ ሠራሁላት፤ ቀና ብላ ጄሉን ማየት ቀጠለች። ብርሃኑ ላይ የ1 ደቂቃው የመስመሮች መሰላል ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ 210፣ 420፣ 630 ጥንድ፣ እንደዚያ ወደ ላይ። የ3 ደቂቃው ላይ የታችኛው መስመር ደመቀ። የ10 ደቂቃው ላይ ያ መስመር ወርዶ 166 አካባቢ ቆም ብሎ ነበር። የ30 ደቂቃው ላይ ከሞላ ጎደል የቀረው 147 ብቻ ነው።

"መምህር፣ ከ166 ወደ 147 ሲወርድ 19 ጥንድ ጠፋ። እዚያ ላይ ለምን ቆመ? የሆነ ነገር ይዞት ነበር?"

ይዞት ነበር። ዲኤንኤው ሲገባና ሲወጣ ሁለቱን ጫፎች እንደ መቀነት ቋጠሮ አንድ ላይ የሚያስር ዘጠነኛ ሂስቶን አለ፤ በሰው ኤች1፣ በዶሮ ቀይ የደም ህዋስ በአብዛኛው ኤች5። በየጫፉ ወደ 10 የሚጠጋ ጥንድ ይሸፍናል። እሱ ሲኖር ጥምጥሙ 1.65 ላይ አይቆምም፤ ሁለት ሙሉ ዙር ይሆናል። ደብተሯን ገልብጣ ባዶ ገጽ ላይ 166 ጻፈችና በ10.2 ማካፈል ጀመረች።